ስካን በተደረገ የአማርኛ ሰነድም ቃል መፈለግ ይቻላል
አንድ ጽሑፍ «ስካን በተደረገ የአማርኛ ፒዲኤፍ ውስጥ ቃል የሚፈልግ ነፃ ሶፍትዌር የለም» ይላል፤ ልክ አይደለም። ኦሲአርማይፒዲኤፍ (OCRmyPDF) የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ሞክሩት። ከምስሉ ላይ ፊደሉን የሚያነብለት ቴሰራክት (Tesseract) የተባለ ሌላ ፕሮግራም ነው፤ ኤችፒ ኩባንያ ውስጥ የተሠራ፣ ኮዱ በ2005 እ.ኤ.አ. ለሁሉም የተከፈተ። ያነበበውን በገጹ ምስል ላይ በማይታይ ጽሑፍ ስለሚደርበው የሰነዱ መልክ እንዳለ ይቆያል። ቴሰራክት አማርኛን የሚያነብበት ፋይል ግን ለብቻው ይጫናል፤ ብዙ ሰው «አማርኛ አይችልም» ብሎ የሚተወው እዚህ ጋ ይመስለኛል። በጽሑፍ በሚሰጥ ትእዛዝ ብቻ መሥራቱም፣ እውነት ለመናገር፣ ትንሽ ያስጠላል። በአስተያየት «የመሥሪያ ቤት ሰነድ ኢንተርኔት ላይ አልጭንም» ላልከው፦ ሥራው የሚያልቀው እዛው ኮምፒውተርህ ላይ ነው። ደብዛዛ የድሮ ኅትመት ከሆነ ግን ተመሳሳይ ፊደሎችን ያምታታል፤ ስም ስትፈልግ ሁለት ሦስት አጻጻፍ ሞክር።