ለባሕር ዳር ሰዎች፣ በሌሊት ስለተቀጠለው ቧንቧ

ወገኖቼ፣ ያን ቧንቧ ሁላችንም እናውቀው ነበር። የሰፈራችን ላቫጆ ቆጣሪ ሳያልፍ ከዋናው መስመር ላይ በሌሊት ሲቀጥል ቁፋሮውን የሰማ ሰምቷል፤ ጠዋት አፈሩን ተሻግረን ወደየሥራችን ሄድን። በላስቲክ የተጠቀለለው መጋጠሚያ ሌት ተቀን ወደ ቦዩ ሲያፈስ፣ እኛ ጀሪካን ደርድረን ውኃ አገልግሎትን እናማርር ነበር።

ከዚያው መስመር ውኃ የሚያገኝ አንድ የጤና ተቋም ለኩላሊት ሕሙማን ዲያሊሲስ፣ ማለትም በመሣሪያ የሚደረግ የደም እጥበት፣ ይሰጣል። ብዙውን ጊዜ 4 ሰዓት የሚፈጀው አንድ እጥበት ወደ 120 ሊትር የጠራ ውኃ ይፈልጋል። ይህን ውኃ ከበሽተኛው ደም የሚለየው አንድ ስስ ሽፋን ብቻ ስለሆነ፣ እኛ የምንጠጣው የቧንቧ ውኃ ለእርሱ አይሆንም፤ ክሎሪኑ በካርቦን፣ የሟሙት ማዕድናት ደግሞ በሪቨርስ ኦስሞሲስ መውጣት አለባቸው። የሪቨርስ ኦስሞሲስ መሣሪያው ውኃውን በኃይል ገፍቶ ሜምብሬን በሚባል ስስ ማጣሪያ የሚያሳልፍ በመሆኑ፣ የሚገባለት ውኃ ሲያንስ እንዳይበላሽ ራሱን ያጠፋል።

አጎቴን ላስታምም ወደዚያ በሄድኩበት ሐሙስ መሣሪያው ጠፋ። ከአዴት በኩል የመጡ አንዲት እናት እጥበታቸው ከግማሽ ላይ ተቋረጠ። ነርሷ መርፌውን ነቅላ ክንዳቸውን በጥጥ ስትጫን፣ «ልጄ፣ ዛሬ ቶሎ አለቀልኝ?» አሏት፤ አቀርቅራ ዝም አለች። ወደ ቤት ስመለስ ላቫጆው ሚኒባስ እያጠበ ነበር። ባለቤቱንም፣ አይተን ያለፍነውንም ይቅር ለማለት ልቤ እንቢ ብሎኛል። እናንተ ሰዎች፣ ሰው ከምን ተሠርቶ ነው እንዲህ የሚያልፈው?

ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ በሚሰፋው ጣና ዳር ተቀምጠን ውኃ መቸገራችን ያሳዝናል፤ ተጨማሪ ጉድጓድና ተጨማሪ ማጣሪያ መጠየቃችንም ተገቢ ነው፣ እኔም እጠይቃለሁ። ነገር ግን ሪቨርስ ኦስሞሲስ ከሚገባለት ውኃ ከፊሉን ከነጨው ወደ ውጭ ስለሚጥል፣ የማጣሪያው አቅም በሰፋ ቁጥር የሚገባው ውኃም መብዛት አለበት። አዲስ የሚቆፈረውንም ጉድጓድ እንዲሁ በየቦዩ ካፈሰስነው፣ ለእነዚያ እናት ምን ይደርሳቸዋል?

ቧንቧው ዘግይቶም ቢሆን ተጠግኗል። ሰሞኑን ሌላ ቅጥያ ያየ አንድ ወጣት ደውሎ አስቁሟል፤ ጎረቤቶቹ ግን «አሳባቂ» ብለው አኩርፈውታል። ደክሞኛል፤ ቢሆንም እለምናችኋለሁ፣ ሰላምታችሁን አትንፈጉት፤ በሚቀጥለው ጊዜም ብቻውን አይደውል።