ጨለለቃን ያየ ስለ ሐረና ዝም አይልም

ወደ ባሌ ልመለስ ነው ስል አንድ የሐዋሳ ጓደኛዬ ሳቀብኝ። «ሐይቅ ዳር እየኖርክ ብርድ ፍለጋ?» አለኝ። ስለ ብርዱ አልተሳሳተም። የባሌው ከፍተኛ ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፤ ሳነቴ አምባ ላይ ጠዋት ጣትህ አይታዘዝህም። ግን በዓለም ከቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ ያሉት ባሌ ነው።

ከሳነቴ ወደ ዴሎ መና ስትወርድ ደግሞ ጉም የዋጠው ጫካ ይቀበልሃል። ሐረና ነው። ከቅርንጫፉ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ማንም ያልተከለው ቡና አለ። ከላይ ቀፎ ተሰቅሏል።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የጎረቤታችን የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርም በዚያው ሰሞን ስለተመዘገበ ደስታችን ድርብ ነበር። መዝገቡ ግን መጥረቢያ አያስጥልም።

«ሰውና ከብቱን ማስወጣት ነው» የሚሉ አሉ። ካፌ ቁጭ ብሎ ማለት ቀላል ነው። ጎዳንቱ የሚባል የቆየ ሥርዓት አለ፤ ከብቱ ወቅቱን ጠብቆ ወደ ጫካው ይሄዳል፣ ከዚያ ይመለሳል። ጣጣው የሚመጣው መመለሱ ቀርቶ እዚያው ጎጆ ሲቀለስና ጫካው እርሻ ሲሆን ነው።

እኛ የሐዋሳ ሰዎች ይህን አጠገባችን ካለው ጨለለቃ ማወቅ ነበረብን። ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ ረግረግና ግጦሽ ነው። በወንዶ ገነት በኩል ያለው ኮረብታ ሲራቆት ደለሉ ወርዶ ሞላው። ዓመቱን ሙሉ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ የሚገባው የጥቁር ውሃ ወንዝ የሚያልፈው በዚያ ነው። ሐይቃችን በገጸ ምድር መውጫ የለውም፤ የመጣለትን ይዞ ይቀመጣል። በባጃጅ ድልድዩን ስንሻገር ግን ማን ቀና ብሎ ተራራውን ያያል?

ባሌም ያው ነው፣ የሚለየው ስፋቱ ነው እንጂ። ወልመልና ወይብ የተባሉት ወንዞች የሚነሱት ከዚያ ደጋ ነው፤ ውሃው ሶማሊያ ድረስ ይፈለጋል።

እንደኔ፣ የሐረና ሰው ከቆመ ዛፍ የሚያገኘው ከተቆረጠው መብለጥ አለበት። የጫካ ቡናውና ማሩ በራሱ ስም ይሸጥ። ሐዋሳ ካፌ ገብቼ «የሐረና ቡና አለ?» ብል አስተናጋጇ ግር ይላታል። የቡና ስም ዋጋ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ «ሲዳሞ» የሚለውን ስም በአሜሪካ ለማስመዝገብ አገራችን ከቡና ነጋዴው ስታርባክስ ጋር ስንት ተፋጣለች!

ጓደኛዬ አሁን ስለ ብርዱ ትቶ የሐረና ማር አምጣልኝ ይለኛል። አመጣለታለሁ፤ በዋጋው ከከፈለ።