እቶን ጨረርን አያጠፋም

ከደብረ ብርሃን የጻፉት ወንድማችን «ጨረር አመንጪ ነገር ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ቢገባ እንኳ የማቅለጫው እቶን ያጠፋዋል» ማለታቸው፣ በሰሜን ሸዋ ብረት ነጋዴዎች ዘንድም ደጋግሜ የሰማሁት ቢሆንም፣ ስሕተት ነው። ጨረሩ የሚመነጨው ከአተሙ እምብርት ስለሆነ፣ እሳት የብረቱን ቅርጽ እንጂ ይህን ጠባይ አይለውጥም። ኮባልት-60 የተባለው ጨረር አመንጪ ብረት ከቀለጠው ብረት ጋር ይዋሐዳል፤ እ.ኤ.አ. በ1983 በሜክሲኮ ሲውዳድ ኹዋሬዝ ለቁርጥራጭ የተሸጠ የሕክምና መሣሪያ ኮባልቱ ቀልጦ የቤት መሥሪያ ፌሮ ውስጥ ገብቷል። ሲዚየም-137 የተባለው ሌላ ጨረር አመንጪ ግን ተንኖ ከጭሱና ከአቧራው ጋር ይወጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1998 በደቡብ ስፔን ከብረት ጋር ከቀለጠው ሲዚየም የተነሣው ብናኝ በፈረንሳይና በስዊዘርላንድ አየር ሳይቀር ተለክቷል።

ስለዚህ ፍተሻው ከእቶኑ በፊት፣ ጭነቱ በር ላይ ሳለ በጨረር መለኪያ መደረግ አለበት። መለኪያው ዝም ማለቱ ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም፤ ጨረር አመንጪው ነገር የሚቀመጥበት ከእርሳስ ብረት የተሠራ መያዣና በላዩ የተከመረው ብረት ጨረሩን ሊጋርዱት ስለሚችሉ፣ ሲራገፍ እንደገና መለካት ያስፈልጋል። ቁራሌውም ቢሆን (መጀመሪያ የሚነካው እርሱ ነውና) ከመጠኑ በላይ የሚከብድ ወይም ባለ ሦስት ክንፍ የጨረር ምልክት ያለበት ዕቃ ሲያገኝ፣ ሳይቆርጥና ሳይከፍት ርቆ፣ ሰውም አርቆ፣ ለሚመለከተው ተቆጣጣሪ አካል ያሳውቅ።