ማስተካከያ፦ ስለ ፖስትግሬስ የግንኙነት ገደብ

ፖስትግሬስ (PostgreSQL) የተባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ግንኙነት በዝቷል ብሎ አዲስ ግንኙነት ሲከለክል በአንድ ጊዜ የሚፈቀደውን የግንኙነት ብዛት የሚወስነውን የማክስ ኮኔክሽንስን (max_connections) ቁጥር ከፍ አድርጎ ኮንፊገሬሽኑን ሪሎድ ማድረግ (ሰርቨሩን ሳያጠፉ ቅንብሩን እንደገና ማስነበብ) ይበቃል የሚለው ቀደም ሲል የተሰጠው ምክር እንደሚከተለው ይስተካከል። ሳይነካ ከተተወ 100 የሆነው ይህ ቁጥር የሚለወጠው ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሳ ብቻ ነው። ከዚህም በላይ እያንዳንዱ ግንኙነት የራሱን ፕሮሰስ (በሰርቨሩ ላይ ለብቻው የሚሠራ ፕሮግራም) ስለሚይዝ፣ ገደቡን ያለ ልክ ማሳደግ ሚሞሪ ከማጣበብ በቀር ችግሩን ከሥሩ አይፈታም። ስለዚህ አስቀድሞ ያሉትን ግንኙነቶች በሚዘረዝረው ፒጂ ስታት አክቲቪቲ (pg_stat_activity) በተባለው ቪው ውስጥ የእያንዳንዱን ሁኔታ የሚያሳየውን የስቴት (state) ዓምድ ማየት ይገባል፤ «አይድል ኢን ትራንዛክሽን» (ትራንዛክሽን፣ ማለትም አብረው የሚጸድቁ ወይም የሚሰረዙ ትእዛዞች ስብስብ፣ ከፍቶ ሥራ ፈትቶ የቆመ) የሚሉ ረድፎች ለረጅም ጊዜ ተከማችተው ከታዩ፣ ትራንዛክሽን ከፍቶ ኮሚትም (ማጽደቅም) ሮልባክም (መሰረዝም) ሳያደርግ የሚተወውን ኮድ ፈልጎ ማረም ከሁሉ ይቀድማል። ኮዱ ጤነኛ ሆኖ ተጠቃሚው በእርግጥ ከበዛ ግን እንደ ፒጂባውንሰር (PgBouncer) ያለ ፑለር፣ ማለትም ጥቂት ግንኙነቶችን ለብዙ ተጠቃሚዎች የሚያጋራ ፕሮግራም፣ በአፕሊኬሽኑና በዳታቤዙ መሃል ማስገባት ይሻላል።