«እኔን ማን ጠየቀኝ?»

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ቀይ መብራት ይዞኝ ቆሜ ሳለ አንድ ወጣት ከኋላ መጥቶ ገጨኝ። ከመኪናው ዘሎ ወረደ። እጁ ይንቀጠቀጣል። «ሶሪ፣ ሶሪ» እያለ በሬን ከፈተልኝ። በዚህ መሃል ስልኩ ጠራ። ማን እንደሆነ እንጃ፣ እናቱ ሳትሆን አትቀርም። ስልኩን ሲዘጋ ሌላ ሰው ሆኗል። ፖሊስ እስኪመጣ ድረስ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ቆመ። አንዲት ቃል አልወጣውም።

አልፈረድኩበትም። እኔንም መኪና ስገዛ «ከተጋጨህ ይቅርታ እንዳትል» ብለው መክረውኛል። ይቅርታ ካልክ ጥፋቱን አመንክ ማለት ነው፣ ያመነ ደግሞ ይከፍላል። ነገሩ የምር ነው። ማሳቹሴትስ በ1986 እ.ኤ.አ. አደጋ ለደረሰበት ሰው የተነገረ የሐዘኔታ ቃል በተናጋሪው ላይ ማስረጃ እንዳይሆን ሕግ እስከማውጣት ደርሷል። ሌሎች ግዛቶችም ተከተሉት። «አይዞህ» ለማለት ሕግ ሲያስፈልግ አስቡት!

ትከሻዬን አራት ወር አመመኝ። ኢንሹራንሱ ከፈለ፣ መኪናዬም ተሠራች። ሒሳቡ ተዘጋ። እኔ ግን በዚያ መብራት ባለፍኩ ቁጥር እበግናለሁ። ካሳው መጣ፤ ልጁ አልመጣም።

አገር ቤት ቢሆን ማታውኑ ሽማግሌ ይዞ ይመጣ ነበር ልል ስል ግን የጎጃሟ አክስቴ ትዝ ትለኛለች።

ልጇ በድንበር ጠብ በዱላ ተመትቶ ሞተ። ገዳዩ ታሰረ። እስር ግን ደም አያደርቅም፤ የገዳዩ ወንድሞች ገበያ መውጣት ፈሩ። ስለዚህ ሽማግሌዎች ቄሱን ይዘው መጡ። የገዳዩ አባት ጫንቃው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ደጃፉ ላይ ተንበረከከ። የአክስቴ ባል ሦስቴ እምቢ ብሎ በአራተኛው «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ። ካሳ ተቆረጠ። ደሙ ደረቀ ተባለ። አክስቴ በዚያን ሰዓት ጓዳ ሆና ለእንግዶቹ ጠላ ትቀዳ ነበር። ከዓመታት በኋላ ጉዳዩን ሳነሳባት «እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለችኝ።

በ2003 ዓ.ም. የሃይማኖት አባቶች አማላጅ ሆነው፣ ሞት የተፈረደባቸው የደርግ ባለሥልጣናት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ ተቀየረ። ብዙዎቹ በ2004 ተፈቱ። ያረጁ ሰዎችን እስር ቤት አቆይቶ ምን ይገኛል? እኔም መፈታታቸውን አልጠላሁም። ግን ይቅር ባዩ መንግሥት ነበር። በቀይ ሽብር ልጇን ያጣች እናት፣ እንደ አክስቴ፣ ጓዳ ነበረች።

በ2019 እ.ኤ.አ. ዳላስ ችሎት ላይ የሆነውን ብዙዎቻችን በቴሌቪዥን አይተናል። አንዲት ፖሊስ በ2018 የራሴ መሰለኝ ብላ ሰው አፓርታማ ገብታ ቦታም ዣን የሚባል የ26 ዓመት ወጣት ገደለች። አሥር ዓመት ተፈረደባት። የ18 ዓመቱ ወንድሙ ችሎት ላይ ይቅር ብዬሻለሁ፣ እስር ቤት እንድትገቢም አልፈልግም አላት። ዳኛዋን አስፈቅዶ አቀፋት። እሷም እስር ቤት ገባች። ሥራ ቦታ ያሉ ያገሬ ልጆች «ይሄ ጅል ነው» አሉት። እኔ ቀናሁበት። ማንም ድንጋይ ተሸክሞ አልተጫነውም፣ ቅጣቱም የእሱን ልብ አልጠበቀም። ፍርዱ የመንግሥት፣ ይቅርታው የራሱ። ደግሞም ሴትዮዋ ምስክር ሆና ስትቀርብ እያለቀሰች አዝናለሁ ብላ ነበር። እኔን የገጨኝን ልጅ ያቺን እንኳን ስልኩ ነጠቀው።

የአክስቴን ልጅ የገደለው ሰውዬ እስሩን ጨርሶ ወጥቷል። ባለፈው መስከረም ቤቷ መጣ አለችኝ በስልክ። ሽማግሌ የለ፣ ድንጋይ የለ፣ ብቻውን። ደጅ የተከመረውን ግንድ ፈለጠላትና ግድግዳው ጥግ ደረደረው። አንድም ነገር አልተናገረም።

«ይቅር አልሽው?» አልኳት።

«ውኃ ሰጠሁት» አለች።