የማን ወገን ነው?

ይህን የምጽፈው ኮምቦልቻ ሥራ ቦታዬ ደርሼ፣ ንዴቴ ሳይበርድልኝ ነው። የተከመረ ሥራ አለብኝ፤ ግን ካልተነፈስኩት ሆዴ ውስጥ ሲብላላ ይውላል። ለመሆኑ ፊልም አይቶ ስለ ፊልሙ የሚያወራ ሰው የት ነው የሚገኘው?

ትናንት እሑድ ደሴ ዝናብ ነበር። የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ መኖሩም አይታወቅም። ጎረቤት ቡና ተጠራሁ። ቤቱ ሞልቷል፣ ኳስ የለም፣ «አንተ ፊልም አታጣም፣ እስኪ አንድ ነገር አምጣ» ተባልኩ። ሞኝ ነኝና አመጣሁ። በፍላሽ ይዤው የከረምኩት «የአልጀርስ ጦርነት» ነው፤ ጣሊያናዊው ጂሎ ፖንቴኮርቮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 ያወጣው፣ አልጄሪያውያን ከፈረንሳይ አገዛዝ ለመላቀቅ ያደረጉትን የከተማ ውጊያ የሚያሳይ ፊልም። ከጥግ እስከ ጥግ ልብ አንጠልጣይ ነው። ንግግሩ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ፣ ከሥሩ የሚጻፈው እንግሊዝኛ። አስተርጓሚው እኔ።

መጀመሪያ የተነሳው ጥያቄ «ቴሌቪዥኑ ምን ሆነ?» የሚል ነው። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ መሆኑን ነግሬያቸው እንኳ አንዱ ተነስቶ ሪሞቱን ሲነካካ አምስት ደቂቃ በላ።

ፊልሙ የሚጀምረው በአንድ ሰው ፊት ነው። ተገርፎ ተገርፎ አጥንቱ የቀረ ሰው። የፈረንሳይ ወታደሮች ከበውታል። ጓዶቹ የተደበቁበትን ቤት ተናግሯል፤ አሁን የእነርሱን የደንብ ልብስ አልብሰውት መንገድ ሊመራ ነው። ቡና ይሰጡታል፣ አይዞህ ይሉታል፣ እርሱ ግን እንባው ይወርዳል። እንባው አገጩ ሳይደርስ ከወደ ሶፋው «ከሃዲ!» የሚል ድምፅ መጣ። አቦሉ እንኳ ገና አልተቀዳም! «እኔ ብሆን ምላሴን ቆርጬ እጥላለሁ እንጂ አንዲት ቃል አልተነፍስም» አለ ሰውዬው። ይህ ሰው ባለፈው ወር ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ መንቀያውን ሲያይ ከበር የተመለሰ ነው። እኔው ነኝ ያጀብኩት።

ይህን ያለው ሌላ ከተማ ቢሆን አይገርመኝም። እዚህ ደሴ ነው። በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ይህች ከተማ ምን እንደሆነች ያ ክፍል ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ግማሹ ሸሽቷል፣ ግማሹ በሩን ዘግቶ ተቀምጧል። በሩ ሲንኳኳ ማን ምን ብሎ እንደመለሰ፣ ማን ዝም እንዳለ፣ ማን ጣቱን ወዴት እንደቀሰረ እስከ ዛሬ እርስ በርሳችን አንጠያየቅም። ባለመጠያየቃችንም ነው አብረን ቡና የምንጠጣው። ታዲያ ለጎረቤት ያደረግነውን ለዚያ ምስኪን አልጄሪያዊ ሦስት ደቂቃ ብንከለክለው ምን ይባላል?

ቀይ ሽብርን በዚያው ሰፈር ያሳለፉ አንድ አባት ነበሩ። ስለ ክህደት ጉባኤው ሲደምቅ እርሳቸው የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ድምፁን ጨምሩልኝ፣ አልሰማ አልኩ።» ማንም አልጨመረም።

ከዚያ ዋናው መጣ። ሦስት አልጄሪያዊ ሴቶች ፀጉራቸውን ተቆርጠውና ቀለም ቀብተው፣ እንደ ፈረንሳይ ሴት ለብሰው ኬላውን ያልፋሉ። በቦርሳቸው ቦምብ አለ። አንደኛዋ ካፌ ገብታ ትቀመጣለች። ቦምቡን ትታ ከመውጣቷ በፊት የሰዎቹን ፊት አንድ በአንድ ታያለች፤ አይስክሬም የሚልስ ሕፃንም አለ። ካሜራው አይቸኩልም። እኔ ይህን ቦታ ባየሁት ቁጥር ጉሮሮዬ ይደርቃል። ክፍሉ ውስጥ ግን አንዱ «ጎሽ የእናቴ ልጅ!» ይላል፣ ሌላው «ይህማ ሽብር ነው» ይላል፣ ሁለቱም አንድ ላይ ወደ እኔ ዞረው «ለመሆኑ ፊልሙን የሠራው ሰውዬ የማን ወገን ነው?» ይሉኛል።

ይህ ጥያቄ ነው የሚገድለኝ! ስለ ታማኝነት የተሠራ ፊልም እያየን፣ የምንመረምረው የሠሪውን ታማኝነት ነው። ትወናው እንዴት ነው፣ አጋጣሚው ያሳምናል ወይ፣ ሙዚቃው ምን አደረገብህ የሚል የለም። ፊልሙ የታጋዩንም የፈረንሳዩንም ኮሎኔል ጭካኔ ሳይሸሽግ ማሳየቱ፣ ለኮሎኔሉ ብልህ አንደበት መስጠቱ ማንንም አልገረመም። ዳይሬክተሩ ጎራ የለውም ማለቴ አይደለም፤ አለው። ከታጋዮቹ መሪዎች አንዱ የነበረው ሳዲ ያሴፍ ራሱ ተውኖበታል፣ በፕሮዲውሰርነትም ሠርቶበታል። ይህን ብናገር «አላልኩም?» አለ አንዱ፣ «የአልጄሪያ ፕሮፓጋንዳ ነው!» ሚዛን ላስይዝ ብዬ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ፔንታጎን ለመኮንኖቹ እንዳሳየው ጨመርኩ። አፌን በቆረጠው! «በቃ፣ የአሜሪካ ሥራ ነው» አለ ሌላው። ፈረንሳይ ለዓመታት እንዳይታይ አድርጋው እንደነበር ስነግራቸው ደግሞ ቤቱ ለሁለት ተከፍሎ ስለ ፈረንሳይ ይጨቃጨቅ ጀመር። ፊልሙ ብቻውን ይሄዳል።

ቡና የምታፈላው ልጅ ጅዳ ስምንት ዓመት ሠርታ የመጣች ናት። ከሁላችንም በላይ ዓረብኛ የምትሰማው እርሷ ናት፤ «አነጋገራቸው ከሳዑዲው ይለያል፣ ግማሹ ያመልጠኛል» አለች። ጀበናውን እያዘነበለች ደግሞ፣ ለራሷ ያህል ቀስ ብላ፣ «ሴትዮዋ እኮ ልጁን አየችው» አለች። ከሁለት ሰዓት ወሬ ስለ ፊልሙ የተባለው ይህ ብቻ ነው። እኔም አልመለስኩላት፤ ስለ ፔንታጎን እየተከራከርኩ ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

በረካ ላይ ደረስን። ፊልሙ ዞሮ ወደ መጀመሪያው ቤት ተመለሰ። ታጋዩ አሊ ላ ፗንት ከሦስት ሰዎች ጋር ግድግዳ ውስጥ ተደብቋል፣ ከውጭ ፈንጂ እየተጠመደ ነው፣ እጅህን ስጥ ይሉታል፣ ዝም ይላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍሉም ዝም አለ። እግዜር ይስጣቸው፣ ዝም አሉ!

መብራት ጠፋ።

ግማሽ ሰዓት ጠበቅን፣ አልመጣም። የቀረው ምርጡ ነበር፤ ሕዝቡ አደባባይ ሲወጣ፣ ከጭሱ ውስጥ የሴቶቹ እልልታ ሲመጣ። ፍላሼን በስልኬ መብራት ነቅዬ ዝናቡን እየተሻማሁ ቤቴ ገባሁ።

ዛሬ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ከኋላ ወንበር ነኝ። ያ የጥርሱ ሰውዬ ከፊት ለፊቴ ተቀምጧል፤ አላየኝም። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሐረጎን ተጠማዝዘን እስክንጨርስ ድረስ ለጎኑ ሰው ፊልሙን ሲተርክ ነበር። ቦምብ የያዘችውን ሴትዮ ረስቷታል፣ ኮሎኔሉን ጄኔራል አድርጎታል። ጎኑ ያለው ሰው «መጨረሻውስ?» አለው።

«ግድግዳውን በርግዶ አመለጠ» አለ ሳይንተባተብ። «ያንን ከሃዲም ፈልጎ አገኘው።»

«ጎሽ!» አለ የጎኑ ሰው። «ሠሪው የማን ወገን ነው?»

ረዳቱ ሂሳብ ሲለኝ አልሰማሁትም፤ ሁለቴ ነው የጠራኝ።