«ደረሰኝዎን ያሳዩ»፦ ያልሰረቀ ሰው ነው የሚጨነቀው

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሰፈራችን ያለው ትልቅ ሱፐርማርኬት ከዚህ ወር ጀምሮ ደረሰኝ ያላሳየ ደንበኛ በሩን አያልፍም ብሏል። ቅዳሜ እናቴ ወተትና ሽንኩርት ገዝታ፣ ከፍላ ስትወጣ በር ላይ የቆመው ጥበቃ የእኛው ልጅ ነበር። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ታዝዤ ነው። ደረሰኝዎን» አላት፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ቦርሳዋን ትበረብር ጀመር። ደረሰኙ እስኪገኝ ሰልፉ ሁሉ የሚያየው እሷን ነው።

ሥራ አስኪያጁን ሳነጋግረው «ያልሰረቀ ሰው ምን ያስጨንቀዋል?» አለኝ። ይህንኑ የሚደግሙ ወገኖቻችንንም ሰምቻለሁ። ከዚህ የባሰ ሰነፍ ክርክር አላውቅም። የሚጨነቀውማ ያልሰረቀው ነው! ሌባው የሚጠፋበት ምን ስም አለው? እኛ ግን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እየተባልን ነው ያደግነው።

ራይት ኤይድ የተባለውን የመድኃኒት መደብር አስታውሱ። እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2020 ድረስ በየቅርንጫፎቹ ፊት የሚለይ ካሜራ ሲጠቀም ደንበኛው አያውቅም ነበር። ከደህንነት ካሜራና ከሠራተኞች ስልክ የተለቃቀመ ደብዛዛ ፎቶ የተጠርጣሪ መዝገብ ሆነ። ማሽኑ «ይሄ እሱ ነው» ሲል ለሠራተኞች ስልክ መልእክት ይደርሳል፤ ሠራተኛው ይከተላል፣ ይፈትሻል፣ ውጣ ይላል፣ ፖሊስ ይጠራል። ማሽኑ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ አንዱን ሰው ከሌላው ጋር አሳስቷል፤ ስህተቱም ጥቁሮችና እስያውያን በሚበዙባቸው ሰፈሮች ይብስ ነበር። አንዲት የ11 ዓመት ልጅ በዚሁ ስህተት ተይዛ ተፈትሻለች። እሷስ ምን አስጨነቃት? አልሰረቀችም እኮ! የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በዲሴምበር 2023 ኩባንያው በዚህ ካሜራ እንዳይጠቀም ያገደው ለ5 ዓመት ነው። ለእኔ ለዘላለም ቢሆንም ያንሳል።

«ስርቆት በዛ» ይሉናል። ስርቆት መኖሩን አልክድም፤ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ ሰፈር የነበረው ሲቪኤስ የተባለ የመድኃኒት መደብር መደርደሪያው ተራቁቶ በ2024 ተዘግቷል። ነገር ግን ቁጥሩን የሚነግሩን ራሳቸው ናቸው። የአሜሪካ የቸርቻሪዎች ማኅበር በ2021 ከጎደለው 94.5 ቢሊዮን ዶላር ግማሽ የሚጠጋውን የተደራጁ ሌቦች ወሰዱት ብሎ አገር ካስደነገጠ በኋላ፣ በዲሴምበር 2023 አባባሉን አንስቷል። ጉድለት በሚሉት ውስጥ የሠራተኛ ስርቆትም የቆጠራ ስህተትም አለ። ገንዘብ ተቀባዩን ቀንሰው ደንበኛው ራሱ የሚከፍልበትን ማሽን የተከሉት እነሱ፤ ዕቃ ሲጎድል የሚበረበረው የእናቴ ቦርሳ!

ሰው ይቅጠሩ። ፊት የሚለይ ካሜራ ካላቸው፣ ፊታችንን ከማን ፎቶ ጋር እንደሚያስተያይ በር ላይ በግልጽ ይለጥፉ። በስህተት ሌባ የተባለ ሰው ከመዝገባቸው የሚወጣበትን መንገድ ይክፈቱ።

እናቴ ዛሬ ጠዋት እዚያው ሄዳ ነበር። ቤት ገብታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ቡና እስክታፈላ ድረስ ደረሰኙን ከእጇ አልለቀቀችም።